ሲስሜክስ ኬኤክስ-21ኤን፦ በጠባብ ቀዳዳ ደም የሚቆጥረው ማሽን ምን ያህል ይታመናል?

ከሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ሙሉ ቆጠራ) ማሽን የሚወጣውን ወረቀት ብዙ ሰው ከላይ ወደ ታች ቁጥር ቁጥሩን ያነበዋል። የላብራቶሪ ባለሙያ ዓይን ግን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ሦስቱ ጉብታዎች ላይ ነው፤ የነጭ፣ የቀይና የፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሶች) ሂስቶግራም፣ ማለትም የሕዋሶቹን መጠን ሥርጭት የሚያሳየው ሥዕል ላይ። ከሄሞግሎቢንና እሱ ከገባበት ስሌት በቀር ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ የተቀዳው ከእነዚያ ጉብታዎች ነው። ጉብታው ከተጣመመ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር አይወጣም፣ አይፈረምበትም።

እዚህ የምንገመግመው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮቤ፣ ጃፓን የሆነው ሲስሜክስ የሠራውን ኬኤክስ-21ኤን ነው። በአገራችን ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮች ዛሬም የሚሠራ ማሽን ነው። ተተኪው ኤክስፒ-300 ባለቀለም የንክኪ ስክሪን ይዞ መጣ እንጂ የመለኪያው አንጀት ያው ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለሱም ይሠራል።

ፍርዱን እናስቀድም። ጠንካራ፣ ሥራው ግልጽ፣ በሰዓት እስከ 60 ሳምፕል የሚጨርስ ማሽን ነው። በመደበኛ ደም ላይ የቀይ ሕዋስ ቆጠራውና ኤምሲቪው (የቀይ ሕዋስ አማካይ መጠን) በደንብ ይታመናሉ። በታመመ ደም ላይ ግን በሚታወቁ ቦታዎች ይሳሳታል፤ የሚሳሳትበትም ምክንያት ሁልጊዜ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ምንጩን ያወቀ ባለሙያ ከዚህ ማሽን ብዙ ያተርፋል፤ ያላወቀ ደግሞ ማሽኑ ያተመውን ሁሉ ይፈርማል።

አሠራሩ አሜሪካዊው ዋላስ ኩልተር በ1953 የፈጠራ መብት ካገኘበት ሐሳብ ብዙ አልራቀም። ደም ጨዋማ በሆነ ፈሳሽ ይበጠበጥና በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ይሳባል። ከቀዳዳዋ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ኤሌክትሮዶች ቀጥታ ጅረት ያሳልፋሉ። ጨዋማው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የሕዋስ ሽፋን ግን ስብ ስለሆነ ቀጥታ ጅረት አያስገባም። ስለዚህ ሕዋስ በቀዳዳዋ ባለፈ ቁጥር የራሱን ያህል ፈሳሽ ገፍቶ ቦታ ይይዛል፣ ለጅረቱ መንገዱ ይጠብበታል፣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይዘላል። የዝላዩ ብዛት የሕዋሱ ቁጥር ነው፤ የዝላዩ ቁመት የሕዋሱ መጠን። በቃ፣ ይኸው ነው። ማሽኑ ቀለም አያይም፣ ኒውክለስ (የሕዋስ አስኳል) አያይም፣ ጥገኛ ተሕዋስያን አያይም። የሚያውቀው አንድ ነገር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ብቻ ነው። ዳኝነቱ የወንፊት ዳኝነት ነው፤ ጠጠሩም እህሉን ካከለ አብሮ ያልፋል።

ማሽኑ ከሚስበው 50 ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ለቆጠራ የሚውለው በጣም ጥቂቱ ነው። ሳምፕል ሮተር ቫልቭ የሚባለው የሴራሚክ ክፍል ለነጭ ሕዋስ 6 ማይክሮሊትር፣ ለቀይና ለፕሌትሌት 4 ማይክሮሊትር ቆርጦ ይለያል። ስድስቱ ማይክሮሊትር ከ1.994 ሚሊ ሊትር ዳይሉየንትና (ማቅጠኛው ጨዋማ ፈሳሽ) ከ1 ሚሊ ሊትር ላይስ (ቀይ ሕዋስ አፍራሽ ፈሳሽ) ጋር ሲቀላቀል 1 ለ500 ይቀጥናል። አራቱ ደግሞ መጀመሪያ 1 ለ500 ከቀጠነ በኋላ፣ ከሱ 40 ማይክሮሊትር ብቻ ተወስዶ ዳግመኛ በ1.96 ሚሊ ሊትር ይበጠበጥና 1 ለ25,000 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ማቅጠን ያስፈለገው ሁለት ቀይ ሕዋሶች ተያይዘው በቀዳዳዋ ቢያልፉ ማሽኑ አንድ ትልቅ ሕዋስ አድርጎ ስለሚቆጥራቸው ነው። ከቫልቩ ሥር ነጭ የጨው ክምችት ከታየ ዲስኮቹ እያፈሰሱ ነው ማለት ነው፤ ማይክሮሊትሩ ልክ ካልሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ፉርሽ ነው።

ቀዩና ፕሌትሌቱ በአንድ ክፍል አብረው ነው የሚቆጠሩት፤ የሚለያቸው መጠናቸው ብቻ ነው። ማሽኑ ለፕሌትሌት የታችኛውን ድንበር ከ2 እስከ 6 ፌምቶሊትር (የሕዋስ መጠን መለኪያ)፣ የላይኛውን ከ12 እስከ 30 ፌምቶሊትር ባለው ውስጥ በጉብታዎቹ መካከል ያለውን ሸለቆ ፈልጎ ራሱ ያሰምራል። ለቀይ ሕዋስ የታችኛው ከ25 እስከ 75፣ የላይኛው ከ200 እስከ 250 ነው። ድንበሩ ተንቀሳቃሽ መሆኑ ጥሩ ነገር ነው፤ ድንበሩ የማይነቃነቅ ማሽን የሕመምተኛውን ደም በግድ በመደበኛው ልክ ይቆርጠዋል። ሆኖም ሸለቆ ከሌለ ማሽኑ ምን ያድርግ? ከባድ የብረት እጥረት ያለበት ሰው ትንንሽ ቀይ ሕዋሶችና የዚያው ሰው ትልልቅ ፕሌትሌቶች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ሸለቆው ይሞላል። ያኔ ፒዩ የሚል ምልክት ይወጣል። ምልክቱ የወጣበትን የፕሌትሌት ቁጥር እንዳለ መላክ ስህተት ነው።

ነጮቹ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ላይሱ ቀዩን ካፈረሰ በኋላ ነጩንም አይተወውም፤ ሽፋኑን በስቶ ውኃውን ያወጣና ያኮማትረዋል። ስለዚህ በነጩ ሂስቶግራም ላይ የሚታየው መጠን የሕዋሱ የተፈጥሮ መጠን ሳይሆን ከተኮማተረ በኋላ የቀረው ነው። ከነጮቹ ዓይነቶች ሊምፎሳይት ብዙ ተኮማትሮ በግራ ይቆማል፣ ኒውትሮፊል ያን ያህል ስለማይኮማተር በቀኝ ይቀራል፣ መሀል ላይ የተቀላቀሉት። ላይሱ ጊዜው ካለፈበት ወይም በብርድ ከዋለ መኮማተሩ ይዛባል፤ ጉብታዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ቲ1 ወይም ቲ2 የሚል ምልክት ይመጣል፣ የነጭ ሕዋስ ዓይነቶች ዝርዝር ቦታ ባዶ ይወጣል። ባዶውን አይቶ ማሽኑ ተበላሸ ከማለት በፊት የላይሱን ጠርሙስ ቀን ማየት ያዋጣል።

ትልቁ ቅሬታችን ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያ መሀል ላይ ያለው ጉብታ። ሞኖሳይት፣ ኢኦሲኖፊልና ቤዞፊል አንድ ላይ ታጭቀው «ድብልቅ» ተብለው ይወጣሉ። ነጩን በሦስት ብቻ ከሚከፍል ማሽን ሌላ አይጠበቅም፣ እውነት ነው። ግን መንጠቆ ትልና ቢልሃርዚያ በሚበዛበት አገር ኢኦሲኖፊል ተራ ቁጥር አይደለም። ሞኖሳይቱ ጨምሮ ይሁን ኢኦሲኖፊሉ፣ ወረቀቱ አይናገርም። ድብልቁ ከፍ ብሎ ሲታይ ስሚር (ስላይድ ላይ የተቀባ ደም) ተሠርቶ በእጅ 100 ሕዋስ መቁጠር ግዴታ መሆን አለበት። ማሽኑ ስለገባ ማይክሮስኮፑን ጨርቅ አልብሶ ጥግ ማስቀመጥ፣ በዚህ ማሽን ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የወባ ነገርም እንዲሁ ነው፦ ፕሌትሌት ወርዶ ሲታይ ወባን መጠርጠር ተገቢ ቢሆንም፣ ጥገኛውን የሚያሳየው ጊምሳ የተባለው ቀለም የተቀባ ስላይድ እንጂ ይህ ማሽን አይደለም።

አሁን ወደ ኤምሲኤችሲ (በቀይ ሕዋሶቹ ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት) እንምጣ፤ የዚህ ማሽን ፊዚክስ ከሁሉ በላይ የሚገለጠው እሱ ላይ ነውና። ቀይ ሕዋስ ቀዳዳዋ ላይ ሲደርስ በፍሰቱ ጉልበት ተለጥጦ ይረዝማል። የዝላዩን ቁመት የሚወስነው የሕዋሱ መጠን ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ነው። ግትር ክብ ነገር የቅርጽ ማባዣው 1.5 ሲሆን፣ ተለጥጦ የረዘመ ጤናማ ቀይ ሕዋስ 1.1 ገደማ ነው። ማሽኑ የሚስተካከለው በጤናማ ደም ልክ ስለሆነ፣ ልስላሴው ከጤናማው ያልራቀ ሕዋስ ሁሉ በትክክል ይለካል። በብረት እጥረት የተጎዳ ሕዋስ ግን በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ስለሳሳ ከጤናማው ይለሰልሳል፣ የበለጠ ይለጠጣል፣ ከእውነተኛ መጠኑ አንሶ ይነበባል። መጠኑ ካነሰ ሄማቶክሪቱም (ቀይ ሕዋሶች ከደሙ የያዙት ድርሻ) ያንሳል፤ ሄሞግሎቢን ለሄማቶክሪት ሲካፈል ኤምሲኤችሲው ደህና መስሎ ይወጣል። ለዚህ ነው ፊቱ የገረጣ፣ ኤምሲቪው 68 የሆነ ሰው ኤምሲኤችሲው 32 ሆኖ የሚገኘው። በተቃራኒው ክብና ግትር የሆነ ሕዋስ አይለጠጥም፤ ከመጠኑ ገዝፎ ይነበብና ኤምሲኤችሲውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ማሽኑ የሕዋስን ልስላሴ ልለካ ብሎ አልተሠራም፤ ሳያውቀው ግን ይለካዋል፣ የለካውንም በሌላ ስም ያትመዋል።

ስለዚህ ለብረት እጥረት መታየት ያለባቸው ኤምሲቪ፣ ኤምሲኤች (በአንድ ቀይ ሕዋስ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን) እና አርዲደብሊው (የቀይ ሕዋሶች መጠን መለያየት) ናቸው። ኤምሲኤችሲ ደግሞ ለሌላ ሥራ ይዋል፦ ማሽኑን መጠበቂያ ይሁን። ከላይ በተባለው ምክንያት ከቦታው ብዙም የማይነቃነቅ ቁጥር ስለሆነ፣ ድንገት 37ን ካለፈ የታመመው ደሙ ሳይሆን ልኬቱ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። ሄሞግሎቢን በ3 ሲባዛ ሄማቶክሪትን ሊያህል ይገባል፣ ልዩነቱ ከ3 ሳይበልጥ፤ ይህችን የሦስት ሕግ በየወረቀቱ በዓይን ማለፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ውጤት ወጣ እንበል፦ ቀይ ሕዋስ 1.60 ሚሊዮን፣ ሄማቶክሪት 19.0፣ ኤምሲቪ 118.8፣ ሄሞግሎቢን 9.6፣ ኤምሲኤችሲ 50.5። ሃምሳ የሚባል ኤምሲኤችሲ በሰው ደም ውስጥ የለም። የሆነው ይህ ነው፦ ደሙ ሲቀዘቅዝ ቀዮቹ በአንቲቦዲ ተጣብቀዋል፤ ሁለት ሦስት ሆነው ያለፉት እንደ አንድ ትልቅ ሕዋስ ተቆጥረዋል፤ ከላይኛው ድንበር ያለፉት ጭራሽ አልተቆጠሩም። ሄሞግሎቢን ግን ሕዋሱ ፈርሶ በ555 ናኖሜትር ብርሃን ስለሚለካ መጣበቁ አይነካውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቱቦውን 37 ዲግሪ ዋተር ባዝ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ማቆየት፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ሳይቀዘቅዝ መለካት። ቀዩ 3.10፣ ሄማቶክሪቱ 28.8፣ ኤምሲቪው 92.9 ሆኖ ሲመለስ ሄሞግሎቢኑ ያው 9.6፣ ኤምሲኤችሲው 33.3 ይሆናል።

ኤምሲኤችሲው ከፍ ብሎ ቀይ ሕዋሱና ኤምሲቪው ደህና ከሆኑ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሄሞግሎቢኑ ይዞራል። ቱቦው ሴንትሪፉጅ ሲደረግ ፕላዝማው እንደ ወተት ከነጣ ስብ ብርሃኑን ጋርዶታል ማለት ነው። ፕላዝማው በጥንቃቄ ተመጥጦ ወጥቶ በእኩል መጠን ዳይሉየንት ይተካና እንደገና ይለካል። ነጭ ሕዋሱ ከ100,000 በላይ ሲሆንም የተበጠበጠው ፈሳሽ ስለሚደፈርስ ሄሞግሎቢን ያለ አግባብ ይጨምራል።

የስኳር ሕመምተኛ ነገር ለብቻው ይነሳ። የደም ስኳሩ ከ600 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያለፈ ሰው ቀይ ሕዋሱ ውስጥም ስኳር ተከማችቷል። ያ ሕዋስ ስኳር በሌለበት ዳይሉየንት ውስጥ ሲገባ ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ ያበጠውን ማሽኑ ይለካዋል። ኤምሲቪ ይጨምራል፣ ኤምሲኤችሲ ይወርዳል፣ ሐኪሙ ቫይታሚን ቢ12 ማሰብ ይጀምራል። እዚህ ላይ የኬኤክስ-21ኤን ቀድሞ የማቅጠን አማራጭ ይጠቅማል፦ 20 ማይክሮሊትር ደም በ500 ማይክሮሊትር ዳይሉየንት በጥብጦ 5 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ስኳሩ ወጥቶ ሕዋሱ ወደ ልኩ ሲመለስ በዚያው አማራጭ መለካት። አማራጩ የተሠራው ከጣት ወይም ከተረከዝ ጠብታ ለሚወሰድላቸው ሕፃናት ነው፤ ለዚህም ግን እጅ ያወጣል። ፒፔቱ ልክ ካልሆነ ውጤቱም ልክ እንደማይሆን ሳይረሳ።

ፕሌትሌት ዝቅ ብሎ ሲወጣ ቅደም ተከተሉን አለማዛባት ነው። መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ በእንጨት ስቲክ ክሎት (የረጋ ደም) መፈለግ፤ ክሎት ካለ ሳምፕሉ ይጣላል፣ ደግሞ መለካት የለም። ከሌለ ስሚር ተሠርቶ ጅራቱ በኩል የተከማቸ ፕሌትሌት ይታያል። ክምችት ካለ ጥፋቱ የኢዲቲኤ (ደሙ እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ ያለው ኬሚካል) ሊሆን ስለሚችል በ3.2 በመቶ ሲትሬት ቱቦ እንደገና ተቀድቶ ውጤቱ በ1.1 ይባዛል፤ ሲትሬቱ ፈሳሽ ስለሆነ ደሙን ያቀጥነዋልና። ክምችት ከሌለ በዘይት ሌንስ 10 እይታ ቆጥሮ አማካዩን በ15,000 ማባዛት ግምቱን ይሰጣል፦ 12 ከሆነ 180,000 ያህል። ማሽኑ 60,000 ብሎ ስላይዱ 180,000 ካለ፣ የሚታመነው ስላይዱ ነው። የተከማቸው ፕሌትሌት በነጩ በኩል ተቆጥሮ ነጩን ከፍ ሊያደርገውም ይችላል፤ ደብሊውኤል ወይም ኤጂ የሚለው ምልክት የሚጮኸው ያኔ ነው። ያው ደብሊውኤል ኒውክለስ ያላቸው ቀይ ሕዋሶች ሲኖሩም ይወጣል፤ ላይሱ ኒውክለሱን ስለማያፈርሰው እንደ ነጭ ይቆጠራል። ማሽኑ 18,000 ብሎ በስሚር በ100 ነጭ 50 እንዲህ ያለ ቀይ ከተገኘ፣ 18,000 በ100 ተባዝቶ ለ150 ይካፈላል፤ እውነተኛው ነጭ 12,000 ነው።

በነገራችን ላይ ከእነዚህ ጣጣዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ማሽኑ ጋ ሳይደርሱ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ምልክቱ ድረስ ይሞላ፤ ደም ካነሰ ኢዲቲኤው በዝቶ ቀዩን ያኮማትረዋል። እንደተቀዳ ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መገልበጥ ነው፣ መናጥ አይደለም። ማሽኑ ሊስብ ሲልም እንደገና መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ቆሞ የቆየ ቱቦ ከላይ ፕላዝማ ስለሆነ ሄሞግሎቢኑ በባዶ ሜዳ ይወርዳል። ሩቅ ጤና ጣቢያ ተቀድቶ በማግስቱ የሚደርስ ደም ቀይ ሕዋሱ እያበጠ ስለሚሄድ ኤምሲቪው ላይ ብዙ መደገፍ አይቻልም።

የዕለት ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን አይዘለልም። ጠዋት ሲበራ ማሽኑ ራሱን አጥቦ ባክግራውንድ (ደም ሳይኖር የሚቆጥረውን) ያያል፤ ነጭ ከ0.3 ሺህ፣ ቀይ ከ0.02 ሚሊዮን፣ ሄሞግሎቢን ከ0.1፣ ፕሌትሌት ከ10 ሺህ መብለጥ የለበትም። ብዙ ጊዜ አሻፈረኝ የሚለው ፕሌትሌቱ ነው፤ ትንሿን አቧራና የአየር አረፋ እሱ ነው የሚቆጥራት። ዳይሉየንት በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ አረፋው እስኪወጣ አውቶሪንስ (የማሽኑን ራስ እጥበት) ሁለት ሦስቴ መድገም ይበቃል። የተከፈተ ዳይሉየንት ከ60 ቀን በላይ አይቆይም፤ የአሮጌውን ትራፊ አዲሱ ላይ መገልበጥ ደግሞ ቁጠባ ሳይሆን ቆሻሻን ማውረስ ነው።

ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ደም) ከፍሪጅ ወጥቶ 15 ደቂቃ ክፍሉን ይልመድ፣ በመዳፍ መካከል እየተንከባለለና እየተገለበጠ ከሥሩ የተቀመጠው ሕዋስ ሁሉ ይነሳ። ሦስቱም ደረጃዎች፣ ዝቅተኛው፣ መካከለኛውና ከፍተኛው፣ የየቀኑን ውጤት መዋዠቅ በሚያሳየው በሌቪ-ጄኒንግስ ሰንጠረዥ ይመዝገቡ። ኤምሲቪ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሽቅብ ከሄደ ቀዳዳዋ እየጠበበች ነው። ፕሮቲን ተለጥፎባት ስትጠብ ያው ሕዋስ ከመንገዱ የበለጠውን ድርሻ ስለሚይዝ ዝላዩ ይረዝማል። እዚህ ላይ ካሊብሬሽን (የማሽኑን የልኬት ማስተካከያ) መንካት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ቆሻሻውን ልክ አድርጎ መመዝገብ ማለት ነውና። መጀመሪያ ክሎግ ማስወገጃውን ማዘዝ፣ ካልሆነ የቀዳዳውን ክፍል በሴልክሊን (የማሽኑ ማጽጃ ፈሳሽ) ማጠብ፣ ከዚያ ኮንትሮሉን መድገም።

ማታ ሲዘጋ ሴልክሊን ሳይስብ ማሽኑን ከማብሪያው ማጥፋት የለም። ሴልክሊን ጠንካራ ሃይፖክሎራይት ስለሆነ ጓንት ያስፈልጋል። ከሱቅ የሚገዛ በረኪና ግን ምትኩ አይደለም፤ ጥንካሬው የማይታወቅ፣ ያልተጣራ ደቃቅ ነገር ያለበት ስለሆነ ልትከፈት የታሰበችውን ቀዳዳ ይባስ ይደፍናታል። በረኪናው ለቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጄሪካን ይዋል፤ ከማሽኑ የሚወጣው ፈሳሽ ደም አለበትና። ትራፕ ቻምበሩ (ያመለጠ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ክፍል) ውኃ መያዝ አለመያዙ በየቀኑ ይታይ። ሮተር ቫልቩን በየሦስት ወሩ ፈትቶ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ዲስኮቹ ከወደቁ ይሸረፋሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ያፈሳሉ፣ ገጻቸው በጥፍርም በሻካራ ጨርቅም አይነካም።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። ማሽኑ በልኬት መሀል ቢጠፋ ደሙ መንገድ ላይ ይቀራል፤ መብራቱ ሲመለስ ቢያንስ አንድ አውቶሪንስና አዲስ ባክግራውንድ ሳይደረግ ሳምፕል መቀጠል አይገባም። ዩፒኤሱ ቢያንስ የተጀመረውን ሳምፕል አስጨርሶ ለመዝጊያ እጥበት የሚበቃ ይሁን። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ደግሞ የፕሌትሌት ባክግራውንድ ላይ ይታያል፤ ማሽኑ የሚለካው እጅግ ትንሽ የቮልቴጅ ዝላይ ስለሆነ የጎረቤት ሴንትሪፉጅ ሲነሳ የሚፈጥረውን ጫጫታ ፕሌትሌት ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

ሬጀንት (ላይስና ዳይሉየንትን የመሰለ የምርመራ ፈሳሽ) ሲሰላ ብዙ ክሊኒክ ይሳሳታል። በአንድ ምርመራ 1 ሚሊ ሊትር ላይስ ስለሚገባ 500 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 500 ሕመምተኛ ያስተናግዳል ብሎ ማቀድ አያስኬድም፤ ባክግራውንዱ፣ ሦስቱ ኮንትሮልና ድጋሚ ልኬቱ ከዚያው ነው የሚጠጡት። በቀን 10 ሳምፕል ብቻ ያለው ክሊኒክ ከሬጀንቱ ትልቁን ድርሻ የሚያፈሰው ለማሽኑ ደህንነት ነው። ሥራው እንዲህ ትንሽ ከሆነ የሄሞግሎቢን መለኪያና ማይክሮስኮፕ ሳይሻል አይቀርም።

ማሽኑ ከተገጠመ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀረው የመደበኛ ልክ ሰንጠረዥ ነው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ልክ ለእኛ ሰው አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ለሚኖር ሰው 1.4 ግራም በዴሲሊትር ማስተካከያ ይጠይቃል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ድንበሩ ከ12.0 ወደ 13.4 ከፍ ይላል ማለት ነው። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ 12.6ን ደህና ብሎ ያልፈዋል። በነጩ በኩል ደግሞ ተቃራኒው አለ፦ ዳፊ አንቲጂን የሚባለው ፕሮቲን በቀይ ሕዋሳቸው ላይ የሌለባቸው ሰዎች ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ በአገራችን ሰዎችም በእስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያንም ዘንድ ይታያል። ነጩ 3.4 ሺህ ለሆነ ጤነኛ ሰው ማሽኑ የዝቅተኛ ምልክት ያትማል፤ ሰውየውም ያለ ጥፋቱ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል። ልኩ በአገር ውስጥ ጥናት መሠረት እንዲገባ ገጣሚው ቴክኒሻን ከመሄዱ በፊት መጠየቅ ነው።

ማን ይግዛው? በቀን ከ30 እስከ 150 ሲቢሲ የሚሠራ፣ ስሚር ማንበብ የሚችል ባለሙያ ያለው፣ ሬጀንት ሳይቋረጥ የሚደርሰው ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ። የካንሰርና የደም ሕመም ክትትል ያለበት ሆስፒታል ግን በሌዘር የሚለየውን ባለአምስት ክፍል ያስብ፤ ያንን ቢገዛም ይህን እንደ መጠባበቂያ ይያዘው። አገልግሎ የቆየውን የሚገዛ ሰው ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር በዓይኑ ይይ፦ ባክግራውንዱ በመጀመሪያው ሙከራ ያልፍ እንደሆነ፣ ከሮተር ቫልቩ ሥር ጨው እንዳለ፣ እና አንድ ሳምፕል 10 ጊዜ ተከታትሎ ሲለካ ኤምሲቪው ከ1 ፌምቶሊትር በላይ ይዋልል እንደሆነ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ፣ ማሽኑን እዚያው መተው ነው።